የክረምት ቲማቲም ጠላቱ ብርድ ነውን?

በባሕር ዳር ገበያ የቲማቲም ዋጋ በየዓመቱ ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሰባታሚት፣ የመራዊና የፎገራ የመስኖ ማሳዎች በአንድ ጊዜ ይደርሱና ዋጋው ይወድቃል፤ የለቀማና የጭነት ወጪ የማይሸፍንበት ጊዜም አለ። ነሐሴ ሲገባ ያው ቲማቲም ከብዙ ቤቶች ወጥ ይጠፋል። ጣቱ የሚቀሰረው ደላላው ላይ ነው። ደላላው ድርሻ አለው፤ ሆኖም የሚያተርፈው አስቀድሞ በተፈጠረ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱን የከፈተው ሁሉም ገበሬ በአንድ ሰሞን መትከሉ ነው። ይህ ሰሞን ደግሞ ሊለወጥ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ክረምት ላይ ለምን አይተከልም ሲባል የሚሰጠው የተለመደ መልስ ብርድ ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ወይና ደጋ ስለሆነ መልሱ እውነት ይመስላል። የሙቀቱ ልክ ግን ሌላ ይናገራል። በሐምሌና በነሐሴ ቀኑ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፣ ሌሊቱም ወደ 14 ይጠጋል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቲማቲም የሚስማማው የቀን ሙቀት ከ21 እስከ 27 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱ ከ10 በታች ሲሆን የአበባው ዱቄት ይደክማል፣ አበባው ይረግፋል፣ የያዘው ፍሬም ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር የተተከለ ቲማቲም የሚያብበው በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆኑት ሌሊቶች ነው። በሙቀት ብቻ ቢዳኝ፣ የተሻለው ወቅት ክረምቱ ነበር።

ክረምቱን የሚያበላሸው ቅጠል ላይ የሚያድረው ውኃ ነው። ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ፣ ድንችንም የሚያጠፋው ያው፣ ለብ ባለ ቅዝቃዜ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ የቆየ ቅጠል ካገኘ ማሳውን በሳምንት ውስጥ ያጠቁረዋል። በንፋስ ስለሚጓዝ ከድንች ማሳዎች ብዙ ኪሎ ሜትር አልፎ ይመጣል። ገበሬው ማንኮዜብ የተባለ መድኃኒት ይረጫል፤ ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል፤ እንደገና ይረጫል። ሪዶሚል ወደ ቅጠሉ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ቢሆንም፣ በሽታው በብዙ አገሮች ተላምዶታል። የታጠበውም ኬሚካል የሚወርደው ወደ ዓባይና ወደ ጣና ነው። ርጭቱ ገበሬውን ያደኸያል፣ ውኃውን ይበክላል፣ እርጥቡን ቅጠል ግን አያደርቅም።

ቅጠሉን ደረቅ የሚያደርገው ከዝናብ የሚከልል ጣሪያ ነው። የምለው እንደ ሆላንድ በጋዝ የሚሞቅ የመስታወት ቤት አይደለም፤ እዚህ ማሞቅ አያስፈልግም። በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ በተዘረጋ፣ ጎኑ ለንፋስ ክፍት በሆነ ፕላስቲክ ሥር፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ የተተከለ፣ በድጋፍ የቆመና የታችኛው ቅጠሉ የተቀነሰ ቲማቲም ነው። ታይዋን የሚገኘው የዓለም የአትክልት ማዕከል ለዝናባማው ወቅት ይህንኑ ዘዴ አሠራጭቷል፤ ቲማቲሙንም በደበርጃን ሥር ላይ ያጣብቃል፣ የደበርጃን ሥር የውኃ መቆምን የተሻለ ስለሚችል። የባሕር ዛፍ ምሰሶው በአቅራቢያው በሜጫ ወረዳ ሞልቷል።

ተቃውሞዎቹ ቀላል አይደሉም። ፕላስቲኩ ከውጭ የሚመጣና ውድ ነው፤ ስለዚህ በሄክታር ማሰብ ስህተት ነው፣ መነሻው 100 ካሬ ሜትር ሊሆን ይገባል። ደመናው ብርሃን ይቀንሳልና ምርቱ ከበጋው ሊያንስ ይችላል፤ ዋጋው ግን ከበጋው በጣም ይበልጣል። ሁሉም ቢገባበት የክረምቱም ዋጋ ይወርዳል የሚለው ትክክል ነው፤ ያኔም ምርቱ በሁለት ወቅት ስለሚከፈል አንዱ ገበያ አይጥለቀለቅም፣ የሸማቹም ወጥ ይቀላል። ከባዱ ጥያቄ የጫት ነው። ጫት ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያስገባል፣ ሁለት ጊዜ በቲማቲም የከሰረ ገበሬ ወደ እሱ ቢዞር አይፈረድበትም። ነገር ግን ጫት ቋሚ ተክል ነው፤ አንዴ የያዘው የመስኖ መሬት ለአትክልት ቶሎ አይመለስም። ከተማዋ አትክልቷን ከደጇ ማግኘት ከፈለገች፣ የቲማቲም ገበሬው ሳይከስር የሚቆይበት መንገድ አሁን ያስፈልጋታል።

ይህንን ለገበሬው ብቻ መተው ፍትሐዊ አይደለም። መልካሾላና መልካሳልሳ የተባሉት የቲማቲም ዝርያዎች የወጡበት የመልካሳ ምርምር ማዕከል የሚገኘው በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ጣና ዳር የሚዘንበውን ያህል ዝናብ እዚያ የለም። ለዚህ አየር የሚስማማውን ዝርያ ከጣሪያ ሥር፣ በሐምሌ፣ ገበሬው እያየ መፈተን የአማራ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ዘንዘልማ ላይ ያለው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ሥራ ነው። ለፕላስቲኩ የሚሆን ብድር ደግሞ ክፍያው ከምርት በኋላ፣ መስከረም ላይ እንዲጀምር ሆኖ መዘጋጀት አለበት።