ትንሹ ምግብ ሠሪና ትልቁ መደብር

አንድ ሰው በቤቱ ያዘጋጀው ምግብ ጣፋጭ ከሆነ ገበያ የሚያጣ አይመስለንም። ነገር ግን ጣዕሙን የሚያውቀው የቀመሰው ብቻ ነው፤ ያልቀመሰው ገዢ የሚያየው ጠርሙሱንና ጠርሙሱ የተቀመጠበትን ቤት ነው። ስለዚህ ትንሽ ምግብ ሠሪ ዕቃውን በታወቀ መደብር ለማስገባት የሚደክመው ለገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የመደብሩን ስም ለመዋስ ጭምር ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን አሜሪካዊው ሄንሪ ሃይንዝ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሰው በ1869 ዓ.ም. በፒትስበርግ ከተማ አጠገብ ከአንድ ወዳጁ ጋር ሆኖ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚያቃጥል የተፈጨ ሥር በጠርሙስ ይሸጥ ጀመር። ሌሎች ነጋዴዎች ባዕድ ነገር ቀላቅለው በባለቀለም ጠርሙስ ሲሸሽጉ፣ እርሱ ግን ገዢው ውስጡን እንዲያይ ንጹሕ ብርጭቆ መረጠ።

ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ከገበሬዎች ጋር በቁርጥ ዋጋ ኪያርና ጎመን ለመግዛት ውል ገባ። በ1875 ዓ.ም. መከሩ ከታሰበው በላይ ሆነ። ገንዘብ በጠፋበት ዘመን ያን ሁሉ የሚከፍልበት አጥቶ ከሰረ። በማግሥቱ ዓመት ከዘመዶቹ ጋር እንደገና ጀመረ፤ የቀድሞ ዕዳውንም በኋላ ከፈለ።

በ1886 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሲሄድ የዕቃውን ናሙና በሻንጣ ይዞ ነበር። የሄደውም በ1707 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተውና ለመኳንንት ምግብ በመሸጥ ወደ ታወቀው ወደ ፎርትነም ኤንድ ሜሰን ነው። ረዥም ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በአቅራቢዎች በር ሳይሆን በፊት ለፊቱ በር ገባ ይባላል። ገዢው ቀመሰና ሁሉንም እወስዳለሁ አለ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሃይንዝን ያከሰረው ራሱ «ሁሉንም እወስዳለሁ» ማለቱ እንደ ነበረ ልብ ይሏል!

ይህ ቃል ለትንሽ ሠሪ ደስታም ሥጋትም ነው። መደብሩ ብዙ ሲያዝ ሠሪው ጠርሙስና ስኳር አስቀድሞ በራሱ ገንዘብ ይገዛል፤ ክፍያው ግን ብዙ ጊዜ ዕቃው ከገባ ከሳምንታት በኋላ ነው። መቶኛው ጠርሙስ እንደ መጀመሪያው ካልጣመ ይመለስበታል። አንዳንድ መደብር ደግሞ በዕቃው ላይ የራሱን ስም ይለጥፋል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ገዢው የሚያመሰግነው መደብሩን ነውና፣ ውሉ ሲያልቅ ሠሪው ደንበኛ የለውም።

ሃይንዝ ስሙን አላስነካም፤ በአንድ በርም አልቆመም። በ1896 ዓ.ም. ኩባንያው በለንደን ቢሮ ከፈተ፤ በ1905 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ፋብሪካ ገዛ። በቲማቲም የተሠራው የቆርቆሮ ቦሎቄ በመጀመሪያ የባለጸጎች ምግብ ነበረ፤ ዛሬ የእንግሊዝ ሠራተኛ በዳቦ ላይ አድርጎ ቁርሱን ይበላዋል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ በእኛም አገር በስምጥ ሸለቆ የሚበቅለው ነጭ ቦሎቄ ለእንደዚህ ያለው የቆርቆሮ ምግብ ሥራ ወደ ውጭ ይላካል።