በማር የተለወሰ መድኃኒት

የኢሉባቦር የጫካ ማር ስሙ የታወቀ ነው። መድኃኒትን በማር ለውሶ መዋጥም የአባቶች ልማድ ነው። ነገር ግን የስኳር በሽታ ላለበት የጎሬ ሰው ማርም ያው ስኳር ነው።

አብሽና ሽፈራው የደምን ስኳር ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስድ ሰው እነዚህን ሲደርብ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ምልክቱም ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ነው። ያን ጊዜ መዋጥ ለሚችል በሽተኛ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ነው፤ ራሱን ከሳተ ግን ወደ ሐኪም መሮጥ እንጂ በአፉ ምንም ማድረግ አይገባም። ኢንሱሊኑን ትቶ ቅጠሉን ብቻ ያመነ ደግሞ ነፍሱን ለአደጋ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ ቅጠልን ለመናቅ አይደለም። ሜትፎርሚን የተባለው ክኒን የተገኘው ጋሌጋ በሚባል ተክል ላይ ከተደረገ ምርምር ነው። ልዩነቱ ክኒኑ ተመዝኖ መሰጠቱ ነው፤ የገበያውን ዱቄት ግን ማን መዘነው? እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ የሚወስዱትን ቅጠል ለሐኪምዎ አይደብቁ።