ምስጢር የማይመልሰው ትእዛዝ

የካናዳ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት ማንኛውንም ሰውና ማንኛውንም ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣን አለው። ከእንግሊዝ ፓርላማ የተወረሰው ይህ መብት እ.ኤ.አ. በ1867 በወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 18 ላይ ይቆማል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ያዛል፣ መንግሥት ያቀርባል።

«ምስጢር» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከዚህ ሥልጣን ውጭ ነው የሚለው አባባል ግን በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። ሊተው ይገባል። ማኅተሙ የሚያስረው የመንግሥት ሠራተኛውን እንጂ ምክር ቤቱን አይደለም። ይህ የለየለት በአፍጋኒስታን እስረኞች ጉዳይ ነው። የካናዳ ወታደሮች የማረኳቸው ሰዎች ለአፍጋኒስታን ባለሥልጣናት ከተሰጡ በኋላ ይሠቃያሉ የሚል ክስ ተነሥቶ ነበር። ምክር ቤቱ በዲሴምበር 2009 ሰነዶቹ አንድም መስመር ሳይሠረዝ እንዲቀርቡለት አዘዘ። መንግሥት ብሔራዊ ደኅንነትን ጠቅሶ እምቢ አለ፤ በዚያው ወር መጨረሻም በጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር ጥያቄ የፓርላማው የሥራ ዘመን ተዘጋ።

አፈ ጉባኤ ፒተር ሚሊከን ኤፕሪል 27 ቀን 2010 የሰጡት ውሳኔ ከሚገባው በታች የተመሰገነ ሥራ ነው። የምክር ቤቱ መብት ለብሔራዊ ደኅንነት ሲባል እንኳ ገደብ እንደሌለው በየኑ፤ ሰነዶቹ ግን አደባባይ ይውጡ አላሉም። ማየትና ማሳተም ሁለት ነገሮች ናቸው። እንደራሴዎቹ ምስጢሩን ሳያባክኑ የሚያዩበትን መንገድ ሁሉም ወገኖች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲፈልጉ ጊዜ ሰጡ። በኋላ በተደረሰው ስምምነት መሠረት ምስጢር ለመጠበቅ የማሉ ጥቂት እንደራሴዎች ሰነዶቹን አነበቡ፤ ምን ያህሉ ይገለጥ የሚለውን የቀድሞ ዳኞች መረመሩ። አዲሱ ዲሞክራቲክ ፓርቲ አልፈረመም። በ2011 አራት ሺህ ያህል ገጾች ለሕዝብ ወጡ።

በ2017 በወጣ ሕግ የተቋቋመው የብሔራዊ ደኅንነት ኮሚቴ ከዚህ አሠራር ጋር መምታታት የለበትም። አባላቱ ከፓርላማው ቢመጡም ሪፖርቱን የሚቀበለው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ የፓርላማ ኮሚቴ አይባልም። ልዩነቱ በ2021 ታየ። ምክር ቤቱ ከዊኒፔግ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ስለተባረሩ ሁለት ሳይንቲስቶች ሰነድ ሲያዝ፣ መንግሥት ለምክር ቤቱ ሳይሆን ለዚያ ኮሚቴ ላከ። የሕዝብ ጤና ኤጀንሲው ፕሬዚዳንት ምክር ቤቱ ፊት ቆመው ተገሠጹ፤ እንደራሴ ያልሆነ ሰው እንዲህ ሲቀርብ ከ1913 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። መንግሥት አፈ ጉባኤውን ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በኦገስት ምርጫ ሲጠራ ክሱን ተወ። ሰነዶቹ ለምክር ቤቱ የቀረቡት በፌብሩዋሪ 2024፣ ትእዛዙ ከተሰጠ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው።