በረኪና ብቻውን

በመዘዞ ከምንጭ ውሃ የሚቀዳበት ጀሪካን ውሎ ሲያድር ውስጡ ያሟልጫል፤ አረንጓዴ ነገርም ያበቅላል። ያ ሙልጭልጭ የተውሳክ መኖሪያ ነው።

በረኪና ተውሳክ ይገድላል። ነገር ግን እድፍ ካገኘ ኃይሉ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ጀሪካኑን በሳሙናና በጠጠር እየናጡ ማጠብ ነው። ቀጥሎ 1 ሊትር ንጹህ ውሃና 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ይጨመርበታል። ክዳኑን ገጥሞ ማገላበጥ፣ ጥቂት ቆይቶ መድፋት፣ ከዚያም በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን፤ ሙቀትና ፀሐይ በረኪናን ያደክሙታል።

በረኪና ጓደኛ አይወድም። ከሎሚ፣ ከሆምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ቢደባለቅ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። በ1907 ዓ.ም. በአውሮፓው ጦርነት ወታደሩን እያፈነ የፈጀው ይኸው ጋዝ ነው።

ሌላም አደጋ አለ። በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ ከተቀመጠ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ከጠጣ አታስመልሱት፤ አፉን አጉመጥምጡትና ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ይህ እንዳይመጣ ግን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። በጨለማ የመጣ አዋቂም እንዳይሳሳት ጠርሙሱ ላይ «በረኪና» ብላችሁ ጻፉበት። ፊደል የቆጠረ ሰው ቤት ስም የሌለው ጠርሙስ አይኑር።