ከኤደን የመጣው ኡድ፦ አብዱላሂ ቃርሼና የሀርጌሳ ዘፈን

ሀርጌሳ ውስጥ ኮድቡር የሚባል ወረዳ አለ። ስያሜው በ1980ዎቹ የሶማሊያውን የዚያድ ባሬን መንግሥት ከተዋጋ ታጋይ የተወሰደ ነው። በዚህ ምዕራፍ የማስተዋውቃችሁ ሰው ግን ጠብመንጃ አላነሱም። አብዱላሂ ቃርሼ ይባላሉ፤ ሶማሌዎች የዘመናዊ ዘፈናቸው አባት ይሏቸዋል። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቃርሼ የተወለዱት በ1924 ከአገራቸው ርቀው፣ ታንጋኒካ ውስጥ ሞሺ በምትባል ከተማ ነው። ያደጉት ግን ኤደን ነው፤ ታሪካቸውን ለመረዳትም ከኤደን መጀመር ይሻላል። ያች የወደብ ከተማ እስከ 1937 ድረስ የምትተዳደረው ከሕንድ ነበር። መገበያያዋ የሕንድ ሩፒ፣ ከነጋዴዎቿም ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። ድምፅ ያለው የመጀመሪያው የሕንድ ፊልም፣ «አላም አራ»፣ በ1931 ሲወጣ 7 ዘፈኖች ነበሩት። ቃርሼ ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው የሕንድ ፊልም ያለ ዘፈን እምብዛም አይሠራም ነበር፤ ዘፈኖቹም ከሂንዱስታኒ ጥንታዊ ዜማ ብዙ ይቀዱ ነበር። ወጣቱ ቃርሼ በእነዚህ ፊልሞችና በዐረቦቹ የኡድ ጨዋታ ተማርከው አደጉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሂንዱስታኒ ሙዚቃ ራጋ የሚባለው እንደ እኛ ቅኝት ያለ የዜማ መንገድ ነው። «ቡፓሊ» የሚባለው ራጋ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት፤ አምስቱም የእኛው የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። የሶማሌ ዘፈንም በባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ይሄዳል። የሶማሌ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ አበሻ «ይህን የት ነው የማውቀው?» የሚለው ያለምክንያት አይደለም።

ኡዱን ሶማሌዎች «ካማን» ይሉታል። ሆዱ እንደ ተሰነጠቀ ቅል ያበጠ፣ አንገቱ አጭር፣ ጫፉ ወደ ኋላ የተቆለመመ ነው። እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት መስመር የለውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ድምፁን የሚያገኘው በጆሮው ነው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲያልፍም እንደ ሰው ጉሮሮ ማንሸራተት ይችላል። ለሶማሌ ዜማ የተመቸውም በዚህ ይመስለኛል። ሆኖም በዚያ ዘመን በሶማሌ ቤተሰብ ዘንድ ሙዚቃ ነውር ነበር። ኡድ የገዛ ወጣት መጀመሪያ የሚያስበው የሚደብቅበትን ቦታ ነው። አዝማሪን እያጨበጨበ የሚሰማ፣ ልጁን ግን ለአዝማሪ የማይድር አገር ሰው ይህ አይጠፋውም።

ቃርሼ በ1940ዎቹ አጋማሽ ወደ ሶማሌላንድ ሲሻገሩ አገሩ በአዲስ ነገር ታምሶ ነበር። አብዲ ሲኒሞ የተባለ የቦረማ አካባቢ የጭነት መኪና ሹፌር ባልዎ የሚባል አጭር የፍቅር ግጥም ፈጥሯል። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽታ በቆመችበት ጊዜ ተፈጠረ ይባላል። ባልዎ በጭብጨባና በከበሮ ይዜማል። ወጣቱ አብዶለት ነበር፤ ሼኮቹ ግን አወገዙት። ቃርሼ ያደረጉት ትልቅ ነገር ኤደን የለመዱትን ኡድ ለዚህ የሶማሌ ግጥም አጃቢ ማድረጋቸው ነው። ድምፅ፣ ኡድና ከበሮ ብቻ ያሉበት ያ የጥንት የፍቅር ዘፈን ዛሬ «ቀራሚ» ይባላል።

ሶማሌ ዘፈንን የሚመዝነው በቅድሚያ በግጥሙ ነው። የግጥሙ ሕግ ደግሞ ከእኛ ይለያል። እኛ ቤት የምንመታው በስንኙ መጨረሻ ነው፤ እነሱ ቃሉ በሚጀምርበት ድምፅ ይመታሉ። ለምሳሌ ያህል እኔው በአማርኛ ልሞክረው፦ «ግመሌ ጠፋችኝ፣ ጉም ገደሉን ሲሞላ፤ ጎህ ሲቀድ አገኘኋት፣ ግራር ሥር ተኝታ።» ለእኛ ጆሮ ይህ ቤት አልመታም። በሶማሌ ሥርዓት ግን በእያንዳንዱ ሐረግ ቢያንስ አንድ በ«ገ» ቤት የሚጀምር ቃል ስላለ ግጥሙ ሙሉ ነው። ረጅም ግጥም ከሆነ ገጣሚው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንኑ አንድ ድምፅ ሳይለቅ መዝለቅ አለበት። እጅግ ከባድ ሥራ ነው፤ ጥሩ ገጣሚ ከዘፋኙ በላይ የሚከበረውም ለዚህ ነው።

ሰምና ወርቁ ግን አንድ ነው። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን የጠፋች ውድ ሴትን የሚጣራ ዘፈን ነፃነቷን የተነጠቀች አገርን ሊጣራ ይችላል። ቅኔ የለመደ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቃርሼ ከገጣሚው ሁሴን አው ፋራህና ከሌሎች ጋር በ1950ዎቹ «ወላሎ ሀርጌሳ»፣ የሀርጌሳ ወንድማማቾች፣ የተባለውን የቴአትርና የሙዚቃ ቡድን አቋቋሙ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ «ሬዲዮ ኩዱ» ተብሎ የተከፈተው ሬዲዮ ሀርጌሳም ዘፈኑን እስከ ዘላኑ ድንኳን አደረሰው። የዚያ ዘመን ትልቁ ቁጣ ሐውድ የሚባለው የግጦሽ ምድር ጉዳይ ነበር። በ1954 መጨረሻ እንግሊዝ ሐውድን ለኢትዮጵያ ለመመለስ ተፈራረመች። አዲስ አበባ ድል ያለችው ውል፣ ግመሎቹን በሐውድ ሣር ለሚያሰማራው የሀርጌሳ ሰው ሐዘን ነበር። የኪነት ሰዎቹም ያንን ሐዘን ወደ መድረክ አወጡት። እኛ በወገናችን በኩል ብቻ የምናውቀውን ታሪክ ከወዲያ ማዶ መስማት ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ።

ቃርሼ የገዛ አገራቸውን ጉዳይ ብቻ አላዜሙም፤ በ1961 የኮንጎው ፓትሪስ ሉሙምባ ሲገደል ስለ እሱ ያዜሙት ዘፈን በጣም ይታወቃል። ተማሪም አፍርተዋል። የበርበራው ተወላጅ አህመድ ኢስማኢል ሁሴን፣ «ሁደይዲ»፣ ኤደን ውስጥ ከእሳቸው ኡድ ተምሮ ኋላ የኡድ ንጉሥ ተባለ፤ በሚያዝያ 2020 በኮሮና ሳቢያ ለንደን ውስጥ እስኪሞት ድረስ ተጫወተ።

በ1988 የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከሀርጌሳው አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ሀርጌሳን ደበደቡ። ሕዝቡ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ ጅጅጋ አቅራቢያ ያለው ሀርቲሼክ በዓለም ካሉ ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ሰው ነፍሱን ሊያድን በሚሮጥበት በዚያ ሰዓት የሬዲዮው ሰዎች የዘፈን ክሮችን መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ከፊሉንም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አሻገሩ። ዛሬ በሀርጌሳ የባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴት ተሰብስቦ ይገኛል። እዚያ የደረሰ ሰው ሳይጎበኘው እንዳይመለስ አደራ እላለሁ።

ቃርሼ በ1994 ዐረፉ። በነፃነቱ ሰሞን ግጥሙንም ዜማውንም የሠሩትን «ቆሎባ ዓለንኬድ» የተባለ የባንዲራ መዝሙር ሞቃዲሾ በ2012 የሶማሊያ ብሔራዊ መዝሙር አድርጋዋለች። በ1991 ከሶማሊያ መለየቷን ያወጀችው ሀርጌሳ ግን የምትዘምረው ሌላ ነው፤ የሶማሌላንድን መዝሙር የደረሱት የቦረማው ሐሰን ሼክ ሙሚን ናቸው።