የብዕር ቀለም ከውስጥ ይጀምራል

በእጅ የተሠራ ብዕር ሲታይ ዓይን የሚያርፈው በእንጨቱ መስመር ወይም በአክሪሊኩ ሞገድ ላይ ነው። ጥሩ ሠሪ ግን ይበልጥ የሚጨነቀው ለማይታየው ክፍል ነው፦ ለቀጭኑ የናስ ቱቦና ቱቦው ለሚገባበት ቀዳዳ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ እንጨት ወይም አክሪሊክ መሃል ለመሃል ይበሳል። ለጀማሪ በሚመከረው ቀጭን ብዕር የቱቦው ዲያሜትር 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቱቦው በማጣበቂያ ይገባል፤ የቁራጩ ጫፎች ከቱቦው ጋር እኩል ይደረጋሉ። ከዚያ ቁራጩ በቶርኖ ላይ እየተሽከረከረ በመሮ ይላጋል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። የብረት ክፍሎቹ በመጨረሻ ቱቦው ውስጥ ተጨምቀው ይገባሉ።

ችግሩ የሚመጣው ከመላጉ ነው። ቁራጩ ሲላግ በጣም ይሳሳል። እንጨት ቱቦውን ይሸፍነዋል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ግን የናሱን ቢጫነት፣ የማጣበቂያውን ዝንጉርጉርና የአየር አረፋውን ሁሉ ያጋልጣል። ሰማያዊ ይሆናል የተባለው ብዕር አረንጓዴ መስሎ ይወጣል።

መፍትሔው ከማጣበቅ በፊት ቱቦውን መቀባት ነው። ቱቦው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቅባቱ በአልኮል ይጸዳል፤ አለዚያ ቀለሙ ይላጣል። ቀለም ወደ ውስጡ ከገባ የብረት ክፍሎቹ ስለማይገጥሙ የቱቦው አፍ አስቀድሞ ይደፈናል። ቀለሙ ስስ ሆኖ ደጋግሞ ይቀባል። ብዙዎች የቀዳዳውን ግድግዳም ይቀባሉ፤ ቀለሙ አክሪሊኩን ራሱን ስለሚነካ ከኋላው ያለ የማጣበቂያ ክፍተት አይታይም። ቀለም ቦታ ስለሚይዝ ቀዳዳው ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። ማጣበቂያው ሱፐር ግሉ ከሆነ ቱቦው ገብቶ ሳያልቅ ሊደርቅ ይችላል፤ ኢፖክሲ ግን ቱቦውን በእርጋታ ለማስገባት ጊዜ ይሰጣል።

ነጭ ቀለም ብርሃንን መልሶ አክሪሊኩን ያደምቃል፤ ጥቁር ጥልቀት ይሰጠዋል። ምርጫውን አስቀድሞ በቁርጥራጭ ላይ መሞከር ነው።

እንጨትም ይቀለማል። የደረቀ እንጨት ቀለም በተቀላቀለበት ፈሳሽ ሙጫ (ሬዚን) ተነክሮ አየሩ በቫኩም ይወጣል፤ ሙጫው ከገባ በኋላ በምድጃ ሙቀት ይጠነክራል። ይህ የሚስማማው ለለስላሳ እንጨት ነው። በእስራኤል በብዛት የሚገኘው ወይራ ጠጣርና ቅባታም በመሆኑ ሙጫ እምብዛም አይቀበልም፤ የተፈጥሮ መልኩም ይበቃዋል። እንደ አሽቀሎን ባለ የባሕር ዳር ከተማ ግን እርጥበቱ እንጨቱን ስለሚያሳብጠው በደንብ መድረቁ መረጋገጥ አለበት።

በአሽቀሎን ለሚኖረው ከኢትዮጵያ ለመጣው ወገናችን ይህ ሙያ ባዕድ አይደለም። ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ በጎንደር በአንጥረኝነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ይታወቁ ነበር፤ መነኮሳቶቻቸውም ኦሪትን በግእዝ በብራና ላይ ይገለብጡ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲመጡ ይህ የእጅ ጥበብ አብሯቸው መጥቷል። ልጆቻችን ቶርኖ ፊት ቢቆሙ የሚቀጥሉት የአያቶቻቸውን ሥራ ነው።

ብዕር የምትገዙ ደግሞ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት። ቀለሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሆነ፣ ቢጫ ወይም አረፋ ካልታየበት፣ ሠሪው ለማይታየው ክፍል ተጨንቋል፤ ለድካሙ የሚጠይቀው ዋጋም ይገባዋል።