ባለ ቁልፏ ስልክ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ቆም ብሎ የሰውን እጅ ለተመለከተ ሁለት ዓይነት ስልክ ይታየዋል። አንዱ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነው ታች ስልክ ነው። ሌላዋ መዳፍ የማትሞላ፣ ቁጥሮቿ ጎማ ላይ የታተሙ፣ ከአናቷ ትንሽ መብራት ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ናት። ሁለቱንም የሚይዝ ሰው ብዙ ነው፤ ታቹን ለቴሌግራምና ለቲክቶክ፣ ባለ ቁልፏን ለቁም ነገር። ስለ ታቹ አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር ይወራል። እኔ ላስተዋውቃችሁ የምፈልገው ሌላዋን ነው። ለጋሞ ደጋና ቆላ ከእሷ በላይ የተስማማ መሣሪያ አላውቅም።

ከዘሯ እንነሣ። በፈረንጆች 2003 ኖኪያ 1100 የተባለውን ስልኩን ገበያ ላይ አዋለ። አቧራ እንዳይገባ ቁልፎቹ በአንድ ወጥ ጎማ ተሸፍነው፣ አናቱ ላይ መብራት ተገጥሞለት የመጣ ስልክ ነበር። ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ዛሬ በየሱቁ የምናያቸው ቴክኖና አይቴል ከዚያ ስልክ ብዙ ወርሰዋል። የሁለቱም ባለቤት ትራንሽን የተባለው የቻይና ኩባንያ ሲሆን፣ ገበያውን በዋናነት አፍሪካ ላይ አደረገ፤ ሁለት የሲም ቦታና የአማርኛ ፊደል ይዞ መጣ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ስልክ መገጣጠም ጀመረ። ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን በ2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ ሁለተኛው የሲም ቦታ እውነተኛ ጥቅሙን አገኘ።

ባትሪዋ ከ1,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ የታች ስልክ ባትሪ አምስት እጥፍ ይሆናል። ሆኖም ታቹ ማታ ሲደክመው እሷ ለቀናት ትቆያለች። ሰፊ መስታወት አታበራም፣ ከጀርባ ሆኖ ኃይል የሚስብ መተግበሪያ የላትም፤ ብዙውን ጊዜዋን የምታሳልፈው ተኝታ ጥሪ በመጠበቅ ነው። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ቀን እስኪደርስ የሚጠብቅ ቤተሰብ፣ በየቀኑ ሶኬት የሚጠይቅ ስልክ ምን ያደርግለታል?

የቦታውንም ጠባይ አስቡት። አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጨንቻ በመንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ከ2,500 ሜትር በላይ ትወጣለች። እንዲህ ባለ አገር እያንዳንዱ ሸንተረር የሬዲዮ ሞገድ ይከልላል። ባለ ቁልፏ የምትጠቀምበት ሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ፣ በተለይ 900 ሜጋኸርዝ ላይ ሲሠራ፣ ከአንድ አንቴና ተነሥቶ ገደል ካልከለለው እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ታቹ «ኢንተርኔት የለም» በሚልበት ጉብታ ላይ እሷ ስትጠራ የምትሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ ኮከብና መሰላል (*…#)። 804 ብሎ ሂሳብ ማየት፣ 805 ብሎ ካርድ መሙላት፣ በ806 ለዘመድ ሂሳብ ማስተላለፍ፣ በ807 ደግሞ «መልሰህ ደውልልኝ» ማለት ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከፊደል ገበታ ቀጥሎ የሚታወቅ ትምህርት ነው። የድርጅቱ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመርም 127 ተብሎ በዚሁ በር ገባ። ይህ ሥርዓት ዩ.ኤስ.ኤስ.ዲ. ይባላል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ድምፃችን በስልክ ከመሄዱ በፊት ኔትወርኩ የማን ስልክ የት እንዳለ ጠይቆ፣ ጠርቶ፣ መስመሩን ያዘጋጃል፤ ሽማግሌ ከሠርግ ቀድሞ እንደሚላክ ማለት ነው። ዩ.ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚጓዘው በዚያ ቀዳሚ መንገድ ላይ ነው። አንድ መልእክቱ ከ182 የላቲን ፊደል አያልፍም፤ ገንዘብ ለመላክ ግን ያ ይበቃል። የሂሳቡ መዝገብ ያለው ድርጅቱ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆነ ስልኳ ሐይቅ ውስጥ ብትወድቅ እንኳ ገንዘቡ አይሰጥምም።

አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ የሚሸምን የዶርዜ ሰው መስቀል ሲደርስ አገሩ ይገባል፤ ሥራ ይዞት የቀረ እንደሆነ ደግሞ ለበዓሉ ብር ይልካል። ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ያ ብር በሰከንዶች ያልፈዋል፤ የሚቀበሉት እናቱም ታች ስልክ አያስፈልጋቸውም። ላንቴና ሼሌ ያለው የሙዝ ገበሬም አዲስ አበባ ዋጋው ስንት እንደዋለ የሚጠይቀው በዚህችው ስልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የሚስጥር ቁጥራችሁን በስልክ ለሚጠይቅ ማንም ሰው አትንገሩ፤ ከድርጅቱ ነኝ ቢልም እንኳ።

ካርድ ያለቀበት ሰው ሚስኮል ያደርጋል። አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ «ውጣ፣ በር ላይ ነኝ» ሊሆን ይችላል፤ ውሉ በቤተሰቡና በጓደኞቹ መካከል ነው። አንድ ሳንቲም ሳይከፈል የሚደርስ መልእክት ነው፤ ማንም መሐንዲስ ያላሰበው፣ ተጠቃሚው ራሱ የፈጠረው። እንዲህ ዓይነቱ ብልሃት ከብዙ አዳዲስ መተግበሪያዎች ይልቅ ይገርመኛል።

የጽሑፍ መልእክት ላይ ግን ፊደላችን ትንሽ ተበድሏል። አንድ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ነው። በዚያ ውስጥ 160 የላቲን ፊደል ይገባል፤ የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ 70 ብቻ። ላቲን በበዛበት መልእክት መሃል አንዲት «ሀ» ብትጨመር ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። ይሁን እንጂ ኪሳራው የሚመስለውን ያህል አይደለም። «እንደምን አደራችሁ» በፊደላችን ክፍተቱን ጨምሮ 11 ቦታ ይይዛል፤ በላቲን ቢጻፍ 18። በዚህ ስሌት 70 ፊደላችን 115 ያህል የላቲን ፊደል ይሸከማል። ጋሞኛ በላቲን ስለሚጻፍ፣ አርባ ምንጭ ላይ ያለ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው 160ውን ሙሉ ይጠቀማል፤ ወደ አማርኛ ሲዞር 70 ይቀረዋል። 231 ፊደሎችን በ12 ቁልፍ መጻፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የለመደ ጣት ግን ሳያይ ይጽፋል።

ጉድለቷን አልደብቅም። የታመመ የሙዝ ቅጠል ፎቶ አንሥታ ለባለሙያ በወጉ አትልክም፣ ካርታ አታሳይም፣ የትምህርት ቪዲዮ አትከፍትም። ዕድሜዋም በሁለተኛው ትውልድ ኔትወርክ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ የአሜሪካው ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. በፈረንጆች 2017 መግቢያ ይህንን ኔትወርክ ዘግቶታል። እኛ ለዚያ ችኮላ የለብንም። ደጋው ላይ ያለው ሰው በእጁ የያዘውን ስልክ ዝም ማሰኘት ትልቅ ጉዳት ነው።

ስለዚህ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ ኮምፒውተር የምትማሩ ወጣቶች፣ ለገበሬ የዋጋ መረጃ፣ ለእናቶች የክትባት ማስታወሻ የሚሆን ነገር ስትሠሩ መተግበሪያ ብቻ ሠርታችሁ አትቁሙ። በኮከብና በመሰላል የሚከፈት መንገድም አብራችሁ አስቡ፤ በአማርኛም በጋሞኛም እንዲሆን አድርጉት።